የዘበኛው መዝገብ

ሥራዬ ሌሊት ነው፤ አፉላ ዳርቻ መጋዘን እጠብቃለሁ፤
የገባ የወጣውን መኪና ሁሉ በመዝገብ እጽፋለሁ።
ሁለት ሰዓት ተኩል፦ አንድ የመኖ ጭነት። ስምንት ሰዓት፦ ምንም።
እኔ ግን ስንት ጊዜ ወደ አጥሩ እንደወጣሁ ብነግርህ አታምንም።
ጭጋጉ ከይዝራኤል ሸለቆ ተነሥቶ እስከ ጉልበቴ ሲደርስ፣
ግንባሬን ሽቦው ላይ አስደግፌ ስቆም፣ ውስጤ ሞልቶ ሳይፈስ፣
ሌባ የምጠብቅ ሰው
ጠብታ ጠበቅሁ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው ያደርኩት፦
ጨው የበዛበትን የሱፍ አበባ ፍሬ በጥርሴ እየፈለቀቅኩት፣
ገለባው ከጫማዬ ሥር እንደ አውድማ ሲቆለል፣
ሲጋራን በሲጋራ ጫፍ፣ ኮላን በኮላ ስቀጥል።
ቤት ስገባ ፀሐይ ትወጣለች፤ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ።
በበዓል ማንጋል ይቀጣጠላል፤ ከጠቆረው ሥጋ በኩል እቀመጣለሁ።
ልጄ ሊያት ሳሕኑን ታዞራለች፦ "አባ፣ ከአትክልቱም ቅመስ"፤
"ጎመን በጤና" እላታለሁ፣ እጄን ወደ ጎድኑ ስመልስ።
ዕድሜዬን ሙሉ ተረቱን ተረትኩ፤
ጎመኑን አልበላሁም።

የዝና ናት፣ ባለቤቴ፣ በዕረፍቴ ሌሊት መነሣቴን የቆጠረች።
"ስድስት" አለችኝ ጠዋት። ሌላ ቃል አልጨመረች።
ኩፓት ሆሊም ሄድን፤ ሊያት ልታስተረጉም ከሥራ ቀረች።
ሐኪሙ ግሪሻ፣ እሱም ከሩቅ የመጣ፣ ዕብራይስጡ የሚያነክስ፣
"አርሞኒት" አለ።
የሙሽራ ስም መሰለኝ።
ልጄ ወለሉን አየች፤ እቤት ስትናገረው ያደገችው አማርኛ ድንገት ከዳት፤
"አባ... ከፊኛህ ሥር ያለች... የኮክ ፍሬ የምታህል ናት።"
ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ያለውን የጥርስ ማስታወቂያ አነበብን።
"ከቤተሰብ ይህ ሕመም የነበረበት አለ?"
"የለም" አልኩ።
"ሎ" አለች።
ባንድ ፊደል ወንድሜን ካድኩት።

ዋሴ፣ ታላቄ፣ "ወገቤን፣ ወገቤን" እያለ ሁለት ክረምት ከረመ፤
ቅባት ቀባነው፤ "ብርድ ነው" አልነው፤ እያደር ገረጣ፣ ከሳ፣ ደከመ።
ለካ አጥንቱ ድረስ ገብቶ ነበር። በለቅሶው ከንፈር መጠጥን፣
"ወገቡን ነው" ተባባልን፣ ንፍሮ ቃምን፣ ተበተንን።
ወገቤን ሲል ወገኔን ይሆን የሚለው?
በ"ቤ" እና በ"ኔ" መካከል
አንድ ሰው ቀበርን።

ከበሩ ተመለስኩ። "ንገሪው" አልኳት፣ "ወንድሜ ነበረበት።
አባቴንም ሽንቱ ተዘግቶ 'ምች ነው' አሉት፣ ማን አውቆበት።"
ግሪሻ ደም አስቀዳኝ፤ አልማለም፣ አልቀባባም፦
"ሲጋራው ይቅር። ሥጋው ይቀነስ። ሆድህ ይጉደል። ተራመድ።
ይህን ብታደርግ አይነካህም አልልህም።
ዕድሜና ዘር በእጅህ አይደሉም። ቀሪው የአንተ ነው፤
ትንሽ ነው፣ ግን የአንተ ነው።"

ውጤቱ ማክሰኞ ነው። እስከዚያ መጋዘኑን እዞራለሁ፤
አንድ ዙር አራት መቶ እርምጃ፤ ትናንት ዘጠኝ፣ ዛሬ ዐሥር እሞክራለሁ።
እንዳልዋሽ፣ ሲጋራው ጨርሶ አልቀረም፤
በቀን ሦስት፤ አራተኛዋን አሸትቼ እመልሳለሁ።
ቅድም ለዋሴ ልጅ ደወልኩለት፤ ከኔታንያ ወደብ ወደብ ጭነት ይነዳል፤
ቀን ከሌት መቀመጫ ላይ ነው፤ እንደ እኔ አንድ ነገር ይቆረጥማል።
"አጎቴ፣ ምነው በሌሊት? ማን ሞተ?"
"ማንም። ስማኝማ፣ ስለ ወገብህ አይደለም" አልኩት፤ ጉሮሮዬ ተያዘ።
ሞተሩ ሲያንጎራጉር ይሰማኛል።
አልዘጋብኝም። ጠበቀኝ።

አሁን ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ብዕሬን አንሥቼ መዝገቡ ላይ፣
ከመኖ ጭነቱ መስመር ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ፦
"ዘጠኝ ከሃምሳ። ዘበኛው ፈንቴ ወደ አጥሩ ወጣ።
አምስተኛው ነው።"